«ስንት አተረፍክ?» ሳይሆን «በስንት ቀን ሸጥከው?»

ከቻይናም ከዱባይም ዕቃ እያስመጣችሁ በቴሌግራምና በቲክቶክ የምትሸጡ ልጆች፣ ይቺ ጽሑፍ ለእናንተ ናት። ብዙዎቻችሁ ተማሪዎቼ ነበራችሁ። የምታንቀሳቅሱት የእቁብ ብር ነው፣ የእናት ብር ነው፣ ዓረብ አገር ያለች እህት የላከችው ብር ነው። ስለዚህ እንደ ሒሳብ መምህር አንድ ነገር ልበላችሁ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «በአንዱ ጫማ ስንት ታተርፋለህ?» ብሎ ነው። ይሄ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «ብሩ በስንት ቀን ተመለሰ?» የሚለው ነው።

እስቲ እናስላው። ሁለት ልጆች እያንዳንዳቸው 100,000 ብር አላቸው። አንደኛዋ ጫማ አስመጥታ 30 በመቶ ታተርፋለች፤ ግን ሸጣ ለመጨረስ ስድስት ወር ይፈጅባታል። በዓመት 2 ዙር፣ 60,000 ብር። ሁለተኛው የስልክ ከቨር አስመጥቶ የሚያተርፈው 12 በመቶ ብቻ ነው፤ ግን ብሩ በ45 ቀን እጁ ይገባል። በዓመት 8 ዙር፣ 96,000 ብር። ሰፈር ውስጥ ጎበዝ የምትባለው ግን የጫማዋ ልጅ ናት!

ፍጥነቱ እንዴት ይለካል? የማካፈል ሒሳብ ነው። በ30 ቀን የሸጣችሁትን ላስገባችሁት አካፍሉ። 100 አስገብታችሁ 30 ከሸጣችሁ 30 በመቶ ነው። በቀን አንድ ማለት ነው፤ የቀረው 70 ፍሬ በዚሁ ከሄደ ገና 70 ቀን ይፈጃል።

ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ቀን መቁጠር የምትጀምሩት ዕቃው ቤት ከገባበት ሳይሆን ብሩን ከከፈላችሁበት ቀን ነው። ዕቃው ጓንዡ መጋዘን ሲቀመጥም፣ ካርጎ ሲጠብቅም፣ ጉምሩክ ሲቆምም የታሰረው የእናንተ ብር ነው። አዲስ ትዕዛዝም በዚሁ ስሌት ይሁን፦ በቀን 2 የምትሸጡ ከሆነና ዕቃው ለመድረስ 35 ቀን ከፈጀ፣ 70 ፍሬ ሲቀር ነው ማዘዝ ያለባችሁ፤ ሲያልቅማ ረፍዷል።

ሁለተኛ፣ ድምር ይሸውዳል። በቁጥርና በቀለም ለዩት። «ከ100ው 70 አለቀ» ብላችሁ ደስ ሲላችሁ፣ የቀረው 30 በሙሉ ቢጫ 36 ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ላይክ፣ «ዋጋ በኢንቦክስ» እና «ያዙልኝ» ሽያጭ አይደሉም። የሚቆጠረው አካውንት የገባ ብር ነው።

«ዶላር ስለሚጨምር ዕቃው ቢቀመጥ ምን አለበት?» የምትሉኝ አላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አልፏል። ያኔ ዕቃ ይዞ የተገኘ ተጠቅሟል። ያ ግን ዕድል ነው እንጂ ንግድ አይደለም። አዲስ ስልክ ሲወጣ የአሮጌው ከቨር ይሞታል፣ ፋሽን ያልፋል፣ የጫማ ማስቲሽ ይለቃል። ለምንዛሪ ለውጥ መፍትሔው ዋጋውን በገዛችሁበት ሳይሆን ዛሬ መልሳችሁ ብትገዙት በሚያወጣው ማውጣት ነው።

ትልልቆቹን እዩ። ቻይና ተወልዶ ዓለምን ያዳረሰው ሺኢን አዲስ ዲዛይን ሲያወጣ በመጀመሪያ የሚያሠራው ከ100 እስከ 200 ፍሬ ብቻ ነው፤ ከተሸጠለት ይጨምራል። አማዞን ደግሞ አሜሪካ መጋዘኑ ውስጥ ከ180 ቀን በላይ የቆየን የሻጭ ዕቃ ተጨማሪ ክፍያ ይጥልበታል። እናንተን ግን አልጋ ሥር ያስቀመጣችሁት ካርቶን ምንም አያስከፍላችሁም። ችግሩም እሱ ነው። ዝም ስለሚል ነፃ ይመስላችኋል።

በዛሬው ደመወዝና በዛሬው ኑሮ ወጣት ሠርቶ ለመለወጥ መሞከሩን አደንቃለሁ። ግን የእናቱን ብር ካርቶን ውስጥ አስሮ «ነጋዴ ነኝ» እንዲል አልፈልግም። ዛሬ ማታ ደብተር አውጡና ለእያንዳንዱ ዕቃ የከፈላችሁበትን ቀን፣ የገባውን፣ የተሸጠውን፣ የቀረውን ጻፉ። ከ90 ቀን በላይ የቆየውን በመጣበትም ቢሆን ሸጡትና ብሩን አዙሩት።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል። አልጋ ሥር የተቀመጠ ጫማ ግን እግር ካላገኘ አይሄድም 😄

እናንተስ? ዕቃችሁ በስንት ቀን ያልቃል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አብረን እናስላው።