መሬት ሲደለደል ገመዱን የያዘው ማነው?

በድሮ ዘመን መሬት በቃላድ ሲለካ፥ ገበሬው ከገመዱ ይልቅ ገመዱን የያዘውን ሰው ሳይፈራ አልቀረም። ጋሻው ያው ጋሻ ሆኖ ሳለ፥ ለም ነው፥ ለም ጠፍ ነው፥ ወይም ጠፍ ነው ተብሎ መመደቡ ግብሩን ከፍና ዝቅ ያደርገው ነበርና። ስለ መሬት ድልድል በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ለእያንዳንዱ ስንት ደረሰው ብለን ነው። ዛሬ ግን መዳቢው ማን ነበር ብለን ለመጠየቅ እንወዳለን።

በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ከወጡ ከ10 ዓመት በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ ድልድሉን እንዲያካሂድም በ800 ሄክታር ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። ከዐዋጁ ሁሉ እኛን የሚያስገርመን ግን አንድ ትንሽ አንቀጽ ነው። ይኸውም፥ ከ10 ሄክታር በላይ የነበረው ባለርስት ወደ ማኅበሩ ሊገባ የሚችለው ድልድሉ ከተፈጸመ በኋላ ብቻ ነው የሚለው ነው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች፥ ባለጉዳይ ዳኛ ሆኖ ከተቀመጠ ፍርዱ ወዴት እንደሚያዘነብል ዐውቀው ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ግን ለአሮጌው ባለርስት እንጂ ለአዲሱ ሹም አልታሰበም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ውሎ አድሮ መዳቢም፥ ዳኛም፥ ኮታ ሰብሳቢም፥ ለጦሩ ወጣት መልማይም ሆነ።

እንግዲህ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገውን ድልድል ለመረዳት ከዚህ መነሣት ያሻል። በጎጃም፥ በጎንደርና በሰሜን ሸዋ በብዙ ስፍራ፥ ከቀድሞው ድልድል በኋላ ለአቅመ አዳም የደረሰው ወጣት መሬት አልነበረውም። የደርግ ዘመን ሹማምንትም ሲሆን የተሻለውን ማሳ እንደ ያዙ ይታማሉ፤ ሐሜቱም ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ስለዚህ ለመደልደል በቂ ምክንያት አልነበረም የሚለውን ክርክር አንቀበልም። ብዙ ሴቶች በገዛ ስማቸው መሬት ያገኙትም በዚህ ድልድል ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን መለኪያው ምን ነበር? ገበሬው በሦስት ተከፈለ፤ «ቢሮክራሲ» የተባለ፥ «ቅሪት ፊውዳል» የተባለ፥ የቀረው ሌላው። ከሁለቱ ስሞች አንዱ የወጣለት ሰው ከ4 ጥማድ፥ ማለት ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ሲደረግ፥ ለሌላው ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። ቢሮክራሲ የሚለው ስም (ቢሮ ገብቶ ለማያውቅ አራሽ መሰጠቱ ራሱ ያስደንቃል) በማኅበሩ ሊቀ መንበር ብቻ ሳያበቃ፥ ዝቅ ባለ ኃላፊነት ላይ የነበረውን ሁሉ አካተተ። ማንበብና መጻፍ በመቻሉ ጎረቤቶቹ ጸሐፊ ሁን ብለው የመረጡት ሰውና ድሀውን ያስለቀሰ ሊቀ መንበር በአንድ ገመድ ተለኩ።

በደለ የተባለ ሰው ቢኖር፥ በደሉ ተቈጥሮ፥ መልስ ስጥ ተብሎ፥ በፍርድ ቤት መቀጣት ነበረበት እንጂ ቅጣቱ በልጆቹ እንጀራ ላይ ማረፍ ነበረበትን? በአንድ ቤት ስንት አፍ አለ የሚለው ጥያቄ፥ አባት በደርግ ጊዜ ምን ነበር በሚለው ሲተካ፥ ነገሩ ከመሬት ድልድል ወደ ፖለቲካ ቅጣት ተሻገረ። ምደባውም በስብሰባ፥ በካድሬ ፊት የሚወሰን ስለ ነበር፥ ስለ ጎረቤቱ እውነቱን ለመመስከር የሚደፍር ሰው የራሱን ማሳ ማሰብ ነበረበት።

አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ ድረስ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በዚያው ዓመት ለእነርሱ ሲሉ ሰልፍ ወጥተው ብዙዎቹ ታሰሩ። የገጠር መሬት አስተዳደርን የሚመለከተው የፌዴራል ዐዋጅ የወጣውም በዚያው ዓመት ክረምት ነው፤ ሕጉ የደረሰው ገመዱ ከተጠቀለለ በኋላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰፊ ድልድል አልተደረገም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሬት ምዝገባ ሲጀመር፥ መዝጋቢው የጻፈው በእጅ ያለውን ነው። በ1989 ዓ.ም. ወደ 4 ጥማድ የወረደው ሰው 4 ጥማዱ በደብተር ሰፈረለት፤ ልጆቹም የሚካፈሉት ያንኑ ነው። በደብተሩ ላይ ግን «ቢሮክራሲ» የሚል ቃል የለም፤ ስፋቱ ብቻ ተጽፏል።