ገንፎው አለ፣ እንቁላሉስ? የስድስት ወር ሕፃን ምግብና የኑሮ ውድነት

ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ከእናት ጡት ወተት ጋር ተጨማሪ ምግብ መጀመር እንዳለበት ብዙ ወላጆች ያውቃሉ። ችግሩ ያለው በሚጀመረው ምግብ ዓይነት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም በቂ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2019 ወደ 11 በመቶ ከፍ ቢልም፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቀረት አቅዷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ሕፃናት እንቁላል፣ ሥጋ ወይም ዓሣ በየቀኑ እንዲያገኙ ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕፃኑ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው የብረት ክምችት በስድስት ወር ገደማ ይመናመናል፣ የጡት ወተት ብቻውን ደግሞ ይህን አይተካም። ቀጭን አጥሚትም ትንሿን ሆድ በውኃ ይሞላል እንጂ ብዙ አይመግብም።

ታዲያ ምክሩ ለምን ቤት አይገባም? አንደኛው ዋጋ ነው። ዶሮ ያለው ቤተሰብ እንኳ እንቁላሉን ሸጦ ዘይትና ጨው ይገዛል። ይህን ቤተሰብ በምክር ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለንም። ሁለተኛው ጾም ነው። ሕፃናት የመጾም ግዴታ የለባቸውም፤ ሆኖም የጾሙ ድስት እንዳይነካካ ሲባል በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ለሕፃኑም የፍስክ ምግብ የማይሠራባቸው ቤቶች አሉ። ለእሱ ብቻ አንዲት ትንሽ ድስት መለየት ይህን ያቃልላል። «ሆዱ አይችለውም» የሚለው ስጋትም አለ፤ በደንብ የበሰለ እንቁላል ግን ከስድስት ወር ጀምሮ መስጠት ይቻላል።

በየቀኑ ካልተቻለ በተገኘ ቀን ይስጡ። በሌላው ቀን ገንፎውን ከባቄላ፣ ከሽምብራ ወይም ከምስር ዱቄት ጋር መጥነው ወፈር አድርገው ይሥሩ፣ ጥቂት ዘይት ይጨምሩ። ብርቱካን ወይም ፓፓያ ከምግቡ ጋር ቢሰጥ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነቱ በተሻለ እንዲጠቀም ይረዳል፤ ሻይ ግን ተቃራኒውን ስለሚያደርግ አይስጡ። ማርም ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም።

ስምንት ወር ገደማ ሲሆነው አብዛኛው ሕፃን በእጁ ይዞ መብላት ይችላል፦ በጣት የሚፈርስ የተቀቀለ ድንች፣ ካሮት ወይም ዱባ፣ የበሰለ ሙዝ፣ የእንቁላል ቁራጭ። መሬት ላይ ብዙ ይፈስሳል፤ እየተለማመደ ነውና አይቆጡት። ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ ግን ሊያንቁት ስለሚችሉ ያርቁ። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አጠገቡም ሰው አይጥፋ። ትን ብሎት እየሳለ ከሆነ እንዲስል ይተዉት፤ ድምፁ ከጠፋና መተንፈስ ካቃተው ግን በክንድዎ ላይ በሆዱ አስተኝተው፣ ራሱን ዝቅ አድርገው በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍዎ እስከ 5 ጊዜ ይምቱት፤ ሌላ ሰውም ወዲያውኑ እርዳታ ይጥራ።