እኩል የሚያካፍለው ስፕሊተር ለምን ያዳላል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤዝመንት ተከራይቼ ስኖር፣ ከአራቱ ክፍሎች ታች ያለነው የሁለታችን ቴሌቪዥን ብቻ ነበር ምስሉ የሚቆራረጠው። አከራያችን «ቴሌቪዥናችሁ አርጅቷል» ይሉናል። ቴሌቪዥኑ ምን አጠፋ? ኬብሉ በየክፍሉ ለሁለት እኩል በሚከፍል ስፕሊተር እየተቆረጠ ነው የሚወርደው። ሒሳቡን እዩት፦ የመጀመሪያው ክፍል ግማሹን ሲግናል ይወስዳል፣ ሁለተኛው ሩቡን። ለእኛስ? አንድ ስምንተኛ፣ አንድ ስምንተኛ!

ዳይሬክሽናል ካፕለር የሚባለው ዕቃ ለዚህ መድኃኒት ነው። ከመስመሩ የተወሰነውን ብቻ ቀንሶ ሌላውን ወደፊት ያሳልፋል። የመጀመሪያው ሩቡን፣ ሁለተኛው ከቀሪው ሲሶውን፣ ሦስተኛው ከተረፈው ግማሹን እንዲወስድ ከተነደፈ ለአራታችንም ሩብ ሩብ ይደርሰናል (መንገድ ላይ የሚባክነውን ትተን)። ውስጡ ተአምር የለውም፤ ፌራይት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። ከባዱ ሥራ በሁሉም ጫፍ 75 ኦም እንዳይዛባ መጠበቅ ነው፤ ከተዛባ ሲግናሉ ተንጸባርቆ ወደ ኋላ ይመለሳል።

እና የኬብል ሠራተኛው ከቦርሳው አንድ ዓይነት ስፕሊተር ብቻ እየመዘዘ ሲገጥም ካያችሁ ዝም አትበሉት። የመጨረሻው ክፍል ስንት እንደሚደርሰው አስልቶ ያሳያችሁ።