የበሩ ዋጋ ከፍ ይበል፤ ገንዘቡ ግን የት ይገባል?

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር በአገራችን ብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ዋጋ ላይ በትክክል ተፈጽሞ ይታያል። በሌላ አገር የማይገኙትን ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው እንግዳ ለአውሮፕላኑ፣ ለሆቴሉና ለመኪናው ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ከሁሉ ያነሰውን የሚከፍለው ግን የመጣበት ነገር ካለበት በር ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 በ1999 ዓ.ም. ወጣ። እርሱን ተከትሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163ን ደነገገ፤ የመግቢያውም ዋጋ በዚሁ ደንብ መሠረት ተቈረጠ። የውጭ አገር ጎብኚ በቀን 90 ብር እየከፈለ ብዙ ዓመታት አለፉ። ደንቡ በወጣበት ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር በ10 ብር ገደማ ይመነዘር ስለ ነበር፣ 90 ብር ማለት ዘጠኝ ዶላር ያህል ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን አንዱ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ ያ ቍጥር በወረቀቱ ላይ እንዳለ ቢቀመጥ አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም። ማንም ሹም ሳይፈርም፣ ማንም ምክር ቤት ሳይሰበሰብ የበሩ ዋጋ ወደ ዐሥረኛው እጅ ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋው ከፍ ይበል የሚለው ሰው አዲስ ሸክም መጫኑ አይደለም፤ ሳይታወቅ የጠፋውን መመለሱ ነው።

ይህ ጉዳይ ለሸዋ ሮቢት ሰው ምኑ ነው? የሚል አይጠፋም። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከጣርማ በር ብርድ ወጥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ይፋት ቆላ የወረደ መንገደኛ ካፖርቱን የሚያወልቀው እዚያ ነው። በዙሪያዋ ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርትና ትምባሆ ይበቅላል። የመስኖው ውሃ ግን ከቆላው አይመነጭም። ሮቢ፣ ጀውሃና አጣዬ የሚባሉት ወንዞች ከደጋው ጫፍ ተነሥተው ቆላውን እያጠጡ ወደ አዋሽ የሚወርዱ ናቸው። ደጋው ሣሩና ዛፉ ሲራቆት፣ ይኸው ውሃ በክረምት ጎርፍ ሆኖ ማሳ ይጠርጋል፤ በበጋ ደግሞ ይጠፋል። እንግዲህ በተራራው ላይ ሣር የሚጠብቅ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የይፋትን ሽንኩርት ይጠብቃል።

ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ከይፋት በላይ በመንዝ ያለው የጓሳ ምድር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት አገር ነው። የመንዝ ሰው ይህን መሬት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት እንደ ጠበቀው ይነገራል። መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ ይቈያል፤ ጊዜው ሲደርስ በስምምነት ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ሣር ይታጨዳል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ይህ ሥርዓት ከአሮጌው ርስት ጋር አብሮ ፈረሰ፤ ጓሳውም ባለቤት እንደሌለው መሬት ተጐዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰ፤ የክልሉም መንግሥት የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ መሆኑን በሕግ አጸናለት። ዛሬ ለጎብኚ የተሠራው ማደሪያ የማኅበረሰቡ ነው። የመንዝ ገበሬ ያን ሁሉ ዘመን ሣሩን የጠበቀው ከሣሩ ድርሻ ስለ ነበረው ነው።

ከዚህ ላይ ነው ዋናው ጥያቄ የሚነሣው። በፌዴራል መንግሥት በሚተዳደሩት ፓርኮች፣ ለምሳሌ በ1958 ዓ.ም. በተመሠረተው በአዋሽ ወይም በሰሜን ተራሮች፣ በር ላይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል፤ ፓርኩም እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት በጀት ጠብቆ ይቀበላል። ከብቱን ከፓርኩ እንዲያወጣ የሚታዘዘው ጎረቤት ከበሩ ገንዘብ ምን እንደ ደረሰው ቢጠየቅ መልስ የለውም። ዋጋው ዐሥር እጥፍ ቢያድግ እንኳ፣ ገንዘቡ በዚያው መንገድ እስከ ሄደ ድረስ ለእርሱ የተለወጠ ነገር አይኖርም።

ማካፈል ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። ከሕጋዊ አደን ከሚገኘው ገቢ 85 ከመቶው ለክልሎች እንዲሆን ተደርጓል። ከአገራችን ውጭም ሩዋንዳን እንመልከት። በ2009 ዓ.ም. የተራራ ጎሪላ መጎብኛ ፈቃድን ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ስታሳድግ፣ ለፓርኩ ጎረቤቶች የሚደርሰውን ድርሻ ከ5 ወደ 10 ከመቶ አብራ አሳደገች። ዋጋውና ድርሻው በአንድ ውሳኔ ስለ ተነሡ፣ የዋጋው ማደግ ለጎረቤቱም የምሥራች ሆነ።

የሚቃወሙት ሰዎች ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው የአገር ልጅ አገሩን ለማየት እንዳይከለከል የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው። ከፍ ሊል የሚገባው የውጭ ጎብኚው ዋጋ ነው፤ የኢትዮጵያዊው ዋጋ ዝቅ ብሎ ይቈይ፤ ከመምህሩ ጋር ለትምህርት የሚመጣ ተማሪ ደግሞ በነጻ ይግባ። ፓርኩን አይቶ የማያውቅ ተማሪ ነገ ሹም ሲሆን ስለ ፓርኩ በጀት እንዲከራከር መጠበቅ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው፣ ጎብኚ በሌለበት ዘመን ዋጋ ማሳደግ ምን ይጠቅማል? የሚል ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሶ እንደ ነበር የይፋት ሰው አይረሳም፤ ከዚያም ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ጎብኚን አርቆታል። ሰላም የሌለበትን መንገድ የመግቢያ ዋጋ አይከፍተውም፤ ርካሽነትም አይከፍተውም። ይሁን እንጂ ሕግ የሚሰናዳው እንግዳው ከመድረሱ በፊት ነው። ጎብኚው በብዛት በተመለሰ ጊዜ ያረጀውን ሠንጠረዥ ይዘን ከተቀበልነው፣ እንደገና ብዙ ዓመት እንከስራለን።

እንግዲህ የሚወጣው ሕግ ሦስት ነገሮችን ቢይዝ ይበቃዋል። የመጀመሪያው፣ ሕጉ መነሻውንና ጣሪያውን ይወስን፤ በመካከሉ ያለውን ልክ ግን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በየሦስት ዓመቱ ከብር ዋጋ ጋር እያመዛዘነ ያስተካክል፤ ለውጡንም አስጎብኚዎች እንዲሰናዱ ዓመት አስቀድሞ ያስታውቅ። ሁለተኛው፣ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው እጅ ለፓርኩ ጥበቃ፣ የተወሰነው እጅ ለጎረቤቱ ቀበሌ እንዲቀር በቍጥር ይጻፍ፤ ስንት እንደ ተሰበሰበና ለምን እንደ ዋለም በየዓመቱ በቀበሌው በግልጽ ይለጠፍ። ሦስተኛው፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 96 እና 97 ለፌዴራሉም ለክልሉም በየመሥሪያ ቤቶቻቸው ለሚሰጡት አገልግሎት ዋጋ የመወሰን ሥልጣን ስለ ሰጠ፣ ሁለቱ ተመካክረው አንድ ዓይነት ሥርዓት ያቁሙ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጣችሁ የዋጋ ሠንጠረዥ የምታረቅቁ ወጣት ሠራተኞች፣ ከቍጥሩ አጠገብ አንድ ዐምድ ጨምሩ፤ በእርሱም ላይ «ለጎረቤቱ» ብላችሁ ጻፉ።