ጥምር የዓይን ጠብታ የግላኮማን ሕክምና ምን ያህል ያቀልላል?

ግላኮማ ታማሚውን ሳያሳምም የሚጎዳ በሽታ ነው። በአብዛኛው በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ሲል የዓይን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ዕይታም ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ይሄዳል። እ.ኤ.አ በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት 5 ነጥብ 2 በመቶው በግላኮማ ምክንያት የመጣ መኾኑን አሳይቷል። ግማሽ ያህሉን ድርሻ ከያዘው የዓይን ሞራ አንጻር ቁጥሩ አነስተኛ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሞራ የተጋረደ ዓይን በቀዶ ሕክምና ብርሃኑን ያገኛል፤ በግላኮማ የጠፋ ዕይታ ግን አይመለስም።

የሕክምናው ዓላማ ግፊቱን መቀነስ ነው። ችግሩ ታማሚው ጠብታውን በማድረጉ የሚያየው ለውጥ አለመኖሩ ነው። ራስ ምታት ያለበት ሰው ኪኒን ውጦ እፎይ ይላል፤ የግላኮማ ታማሚ ግን ትርፉ ማቃጠልና መቅላት ብቻ ይመስለዋል። ስለዚህ ጠብታውን የሚያቋርጡ ሰዎችን ቸልተኛ ብሎ መውቀስ ነገሩን ካለመረዳት የሚመጣ ነው።

ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ብልቃጥ የያዙ ጥምር ጠብታዎች የመጡት ይህን ሸክም ለማቅለል ነው። ቲሞሎልን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ዶርዞላማይድን ሦስት ጊዜ ለየብቻ የሚያደርግ ሰው በቀን አምስት ጠብታ ይጠበቅበታል፤ ጥምሩ ይህን ወደ ሁለት ያወርደዋል። በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል ቢያንስ አምስት ደቂቃ መጠበቅም ይቀራል። በጥድፊያ የተደረገ ሁለተኛ ጠብታ የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥምሮቹ በግፊት መቀነስ ረገድ ያላቸው ልዩነት ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ምርጫውን የሚወስነው የታማሚው ጤናና አኗኗር ነው። የዶርዞላማይድና የቲሞሎል ጥምር ዓይን ያቃጥላል፤ አፍንም ይመርራል። ብሪሞኒዲን ያለበት ጥምር በጊዜ ሂደት ዓይንን የሚያቀላ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል፤ እንቅልፍ እንቅልፍም ይላል። የላታኖፕሮስትና የቲሞሎል ጥምር በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መደረጉ ትልቅ ብልጫው ነው። ይሁን እንጂ ያልተከፈተው ብልቃጥ በማቀዝቀዣ መቀመጥ ይኖርበታል፤ መብራት በሌለበት ቀበሌ ለሚኖር አርሶ አደር ይህ ከባድ ቅድመ ሁኔታ ነው።

ከአብዛኞቹ ጥምሮች ውስጥ የማይጠፋው ቲሞሎል ነው። ይህ መድኃኒት ከዓይን አልፎ ወደ ደም ስለሚገባ አስም ላለበት ወይም የልብ ምቱ ለዘገየ ሰው አደገኛ ሊኾን ይችላል። ለዓይኑ የመጣ ሰው ስለ አስሙ ሳይጠየቅ አይናገርምና ጥያቄው ከባለሙያው መምጣት አለበት። ቲሞሎል የሌለበት የብሪንዞላማይድና የብሪሞኒዲን ጥምርም አለ፤ ኾኖም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚደረግ ነው።

ስለ ጥምር ጠብታ ሲነገር የሚዘነጋ ነገር አለ። ብልቃጡ ሲያልቅ ወይም ከመድኃኒት ቤት ሲጠፋ ሁለቱም መድኃኒቶች በአንድ ቀን ይቋረጣሉ። የብልቃጥ ቁጥር መቀነሱ የዋጋን፣ የአቅርቦትንና የመንገድን ጥያቄ አይመልስም።

በጎረቤት ምሥራቅ አፍሪካ የተገኘ ማስረጃ ይህን ያጠናክራል። በታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2021 የታተመ ጥናት የቲሞሎል ጠብታን ከሌዘር ሕክምና ጋር አነጻጽሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካው በሌዘር 61 በመቶ በሚኾኑት ዓይኖች ሲኾን፣ በጠብታ ግን በ31 በመቶው ነው። ሌዘር በየቀኑ መታወስን አይጠይቅም። እርግጥ መሣሪያው ውድ ነው፤ ውጤቱም ከጊዜ በኋላ ስለሚዳከም ክትትል ያስፈልገዋል። ለሁሉም ዓይነት ግላኮማም አይኾንም።

ስለዚህ ለብዙዎች ጠብታው ይቀጥላል። ሐኪሙ ጥምር ጠብታ ከማዘዙ በፊት ታማሚው መድኃኒቱን በየወሩ ከየት እንደሚገዛ፣ በስንት ብር እንደሚያገኝና ዓይኑ ላይ ማን እንደሚያንጠባጥብለት ቢጠይቅ ለምርጫው የሚበጅ መልስ ያገኛል። እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት አንዱን ጠብታ ዓይኑ ውስጥ ለማስገባት ሦስቱን ጉንጩ ላይ ያፈስሳል፤ ለወር የታሰበው ብልቃጥም ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።