«መኪናዬ ትጋደላለች፤ እጮኛዬም አልሳፈርም አለች!»

የዛሬው ደብዳቤ የመኪና ነው ልበል ወይስ የፍቅር? አንብባችሁ ፍረዱ። ጸሐፊው የ26 ዓመት ወጣት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ከአባቴ የወረስኳት ኮሮላ አለችኝ። ሞተሯ ምንም አይወጣለትም። ችግሯ ኩርባ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእጮኛዬ ጋር እንጦጦ እንወጣለን። ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስንወርድ መኪናዋ በየኩርባው በጎኗ ትጋደላለች። እጮኛዬ በሩን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ትጮሃለች። ባለፈው ‹ሁለተኛ ካንተ ጋር አልሳፈርም!› ብላ መንገድ ላይ ወርዳ በታክሲ ሄደች። ጓደኛዬ መድኃኒቱ የኋላውን ስታብላይዘር በወፍራም መለወጥ ነው፤ ከዚያ ፍጥነት ሳትቀንስ ትታጠፋለህ ይላል። ውጭ ያለ ዘመዱ ገዝቶ ሊልክልኝ ተስማምቷል። ለሠርጋችን ካጠራቀምነው ላይ ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሠርጉን ብር አትንካ! ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

ስታብላይዘር የግራውንና የቀኙን ጎማ የሚያገናኝ፣ ጫፍና ጫፉ የታጠፈ ብረት ነው። መኪና ስትታጠፍ አካሏ ወደ ውጭ ይጋደላል። ያኔ ብረቱ እንደሚጨመቅ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ ሲታገል አካሏን ቀና ያደርገዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ስቴፈን ኮልማን የተባለ ካናዳዊ በ1919 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ተሰጥቶበታል።

ጓደኛህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ወፍራም ብረት መጋደልን ይቀንሳል፤ ያውም ከምትገምተው በላይ። ድፍን ብረት ከ20 ሚሊ ሜትር ወደ 24 ሲወፍር፣ በ4 ሚሊ ሜትር ጭማሪ ብቻ ጥንካሬው ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ታዲያ ምን ችግር አለው? ችግሩ መሬት የሚይዘው ጎማ እንጂ ብረት አለመሆኑ ነው። ኮሮላህ የፊት ጎማ የምትጎትት ከሆነች፣ ፋብሪካው ሆን ብሎ ፊቷ ቀድሞ እንዲንሸራተት አድርጎ ነው የሠራት። አሽከርካሪ ሲደነግጥ እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሳል፣ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ፊቷ መልሶ መሬት ይይዛል። የኋላውን ብቻ ስታጠነክረው ግን ጫናው በውጭኛው የኋላ ጎማ ላይ ይበረታል፤ ኋላዋ ቀድሞ መልቀቅ ይጀምራል። በደረቅ አስፋልት ይህ ደስ ሊልህ ይችላል። ሐምሌ ላይ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በረጠበበት ኩርባ ደንግጠህ ነዳጅ ስትለቅ ግን ጭራዋ ቀድሞህ ይዞራል። በዚያ ቁልቁለት ላይ መዞር ምን እንደሚያስከትል ለአንተ አይነገርም።

ትልልቆቹም በዚህ ተፈትነዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. የመርሴዲስ አዲሷ ኤ ክላስ ስዊድን ውስጥ ድንገተኛ እንቅፋት የመሸሽ ሙከራ ሲደረግባት ተገለበጠች። ኩባንያው ሽያጩን ለጊዜው አቁሞ ከሥር ያለውን አሠራሯን አሻሻለ፤ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ መሣሪያም ገጠመላት። ብረት ማወፈር ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ያን ሁሉ ወጪ ማን ያወጣ ነበር?

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፦ መኪናዋ በአባትህ ጊዜም እንዲህ ትጋደል ነበር? ካልነበረች፣ የጎደላት ወፍራም ብረት ሳይሆን ያረጀው ዕቃ ነው። እንግዲህ ወደ ጋራዥ ጎራ በልና እነዚህን አስመርምር።

አንደኛ፣ ስታብላይዘሩን የያዙት ጎሚኒዎች። ላስቲኩ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ብረቱ ይላላል፣ ሥራውንም በቅጡ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ሊንኮቹ። በኮብልስቶን ላይ ቀስ ብለህ ስትሄድ ከሥር «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ ከሰማህ መጀመሪያ እነሱን ጠርጥር።

ሦስተኛ፣ ሾክ አብዞርበር። በአንደኛው ጥግ አካሏን በኃይል ተጭነህ ልቀቅ። ደጋግማ ከዘለለች አልቆለታል።

አራተኛ፣ ጎማ። ነፋሱን ሹፌሩ በር ጋ በተለጠፈው ወረቀት ልክ፣ ጎማው ሳይሞቅ ሙላ። ዕድሜውንም እይ፤ ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ 2319 የሚል ካገኘህ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው።

ጎሚኒና ሊንክ ከውጭ ከሚመጣ ስታብላይዘር ጋር ሲተያይ የሻይ ብር ነው። ሱማሌ ተራ ብቅ ብትል ታገኛለህ፤ ግን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂድ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስታብላይዘር ልለውጥ ካልክ፣ ለዚያችው ሞዴል የተሠራ ይሁን፤ የፊቱና የኋላው ሚዛን ይጠበቅ። መጥፎ መንገድ ላይ እንደምትነዳም አትርሳ፦ ብረቱ በጠነከረ ቁጥር አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም አብሮ ይመታል። «በብየዳ አወፍርልሃለሁ» የሚል ካጋጠመህ ደግሞ እግሬ አውጪኝ በል! ይህ ብረት እንደ ሞላ ነው፤ የብየዳ እሳት ካገኘው ጥንካሬውን ያጣና ኩርባ ላይ ይሰበራል።

በመጨረሻ ወደ እጮኛህ ልመለስ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅቷ «በዚህች መኪና አልሳፈርም» አላለችም። ያለችው «ካንተ ጋር አልሳፈርም» ነው። ልዩነቱን አስተዋልከው? የመኪናዋ መጋደል «ቀስ በል» የሚልህ ነገር ነበር። መኪናዋም እጮኛህም አንድ ነገር ነው የነገሩህ፤ አንተ ግን ሁለቱንም ዝም የሚያሰኝ ብረት ፍለጋ ላይ ነህ።

ጎሚኒውን አስቀይር፣ ጎማውን አስተካክል። ከዚያ ይቅርታ ጠይቃትና እንጦጦ ውጡ። ስትወርዱ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ከኩርባው በፊት ያዝ፤ እየታጠፍክ አይደለም። በሩን ካልጨበጠች ተሳክቶልሃል ማለት ነው።

ውጤቱን ጻፍልን። የሠርጉን ጥሪም እንዳትረሳን!