መሰናዶው ምን ያሰናዳል?

ስቶክሆልም ሊማር የተነሳ ኢትዮጵያዊ ገና አዲስ አበባ ሳለ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «መጀመሪያ እንግሊዝኛህን አስተካክል።» ዘመድም፣ ጉዳይ አስፈጻሚም፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት ማስታወቂያም ይህንኑ ይሉታል። እዚህ ስቶክሆልም ደርሶ ትምህርቱ ሲከብደውም የሚታዘዝለት ያው ነው፤ የአካዳሚክ እንግሊዝኛ መሰናዶ ኮርስ። ምክሩ ገንዘቡንም ጊዜውንም ይወስድበታል፤ ችግሩን ግን አይነካለትም።

የአገራችን ልጅ ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዲግሪውንም በዚያው ይዟል። የስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ለአብዛኛው የማስተርስ ትምህርት «እንግሊዝኛ 6» የሚሉትን ደረጃ ይጠይቃሉ፤ በአይልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና በአጠቃላይ 6.5፣ በየክፍሉም ከ5.5 ያላነሰ ማለት ነው። ተማሪው ይህን አሟልቶ ነው የገባው። ታዲያ ለምን ይወድቃል?

አይልትስ የሚያስጽፈውን በቅርብ እንየው። ሁለተኛው የጽሑፍ ጥያቄ የሚሰጠው 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ቢያንስ 250 ቃላት ይጠብቃል። የሚነበብ ጽሑፍ፣ የሚጠቀስ ምንጭ የለም። ስለዚህ አስጠኚው ቅርጽ ያስጠናል፤ አንድ አንቀጽ ድጋፍ፣ አንድ አንቀጽ ተቃውሞ፣ መጨረሻ ላይ ማጠቃለያ። የመጣው ርዕስ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይከተታል።

ስቶክሆልም ላይ የ7.5 ነጥብ ኮርስ በሙሉ ጊዜ ከተማሩት በአምስት ሳምንት ያልቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚዘጋው በሄምቴንታ፣ ቤት ወስደው በሚሠሩት ፈተና ነው። እርስ በርስ የሚጣሉ ሦስት ጽሑፎች ይሰጡና የትኛው እንደሚያሳምን፣ ለምን እንደሚያሳምን ተከራከር ይባላል። የተጠናው ቅርጽ እዚህ ተማሪውን ጉድ ይሠራዋል። ሁሉንም ወገን እኩል አመስግኖ የወጣ ተማሪ «ያንተ ሐሳብ የታለ?» የሚል አስተያየት ይመለስለታል። ከጽሑፎቹ ዐረፍተ ነገር እንዳለ የገለበጠማ የባሰ ይገጥመዋል። እኛ ዘንድ «በደንብ አጥንቷል» የሚያሰኘው እዚህ ዲሲፕሊን ቦርድ ፊት ያቆማል፤ እስከ 6 ወርም ያሳግዳል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ተማሪ ተቃዋሚ ሆኖ ይመደባል። የጓደኛውን ሥራ ገጽ በገጽ አንብቦ ድክመቱን በሰው ፊት ይናገራል። መምህር ሲናገር ዝም ማለትን ጨዋነት፣ ጓደኛን በአደባባይ ማሳፈርን ነውር ብሎ ያደገ ልጅ ያን ቀን አንደበቱ ይታሰራል። የሚለው ቃል ጠፍቶት አይደለም። ትችት ስድብ እንዳልሆነ፣ ከጓደኛም እንደማያጣላ ቀድሞ ያሳየው ሰው የለም። የትኛውም የሰዋስው ኮርስ ይህን አያስተምርም።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በዚህ ከተማ እንግሊዝኛ ለስዊድናዊው መምህርም ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ከጎን የተቀመጠው ጀርመናዊም የራሱ ቅላጼ አለው። «ቋንቋህን አስተካክል» የሚባለው ግን የኛው ልጅ ነው፤ እኛም አምነን ለታናናሾቻችን እናስተላልፋለን።

እንግሊዝኛ በቅጡ ያልተማረ ሰው ይማር፤ የስቶክሆልም ነዋሪ ከሆነ ኮምቩክስ የሚባለው የአዋቂዎች ትምህርት ቤት በነፃ ያስተምረዋል። እኔ የምናገረው መስፈርቱን አሟልቶ ስለገባው ነው። ለእሱ የጽሑፍ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት ዩኒቨርሲቲዎቹ ውስጥ አሉ፤ ግን በራስ ፈቃድ የሚኬድባቸው ስለሆኑ ብዙው ሰው የሚያገኛቸው አንዴ ከወደቀ በኋላ ነው።

ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ይከፍላል፤ ደንቡም ክፍያው የትምህርቱን ሙሉ ወጪ እንዲሸፍን ያዛል። እንግዲያው ክርክርና አጻጻፍ ማስተማርም ከዚያው ወጪ ይቆጠር። በመጀመሪያው ኮርስ ውስጥ ነጥብ ይያዝለት። የትምህርቱ መምህርና የቋንቋ መምህሩ አብረው ክፍል ይግቡ፤ ያለፈና የወደቀ ሄምቴንታ ስም ሸፍነው ጎን ለጎን ያስነብቡ፤ ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ በጣት ያሳዩ። ይህም የመጀመሪያው ፈተና ከመሰጠቱ በፊት ይሁን።